ፍሬን

ቁልቁለቱ ይጀምራል ከማዘጋጃ ቤት በር፣
ታች ለገሃር ድረስ፣ እንደ ተዘረጋ ብድር፤
ሲወርዱት ይጣፍጣል፣ ሲከፍሉት ነው የሚያስቸግር።

አባቴ በዚህ ቁልቁለት ሃያ ሦስት ዓመት ነዳ፣
ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ ግማሹ የባንክ ዕዳ።
ስለዚያች ማክሰኞ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤
ፔዳሉ ወለል ነካ፣ መኪናው ግን አልቆመም፤
ረዳቱ ነው የነገረኝ፣ «ግንቡን መረጠ» ብሎ፣
ከተሰለፈው ተማሪ መሪውን አግልሎ።

አራት ኪሎ፣ ከምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ኢብሳ ከኮዱ ጋራ፣ ፊርዶስ ከሽቦ ትግል፤
እኔ ብሎን አጥባቂ ነኝ። ሥራ አነሰኝ አልልም፤
አጥባቂ የሌለው ነገር መቼም ለወግ አይደርስም።

የመጀመሪያው ሻንሲ ኮምፖርሳቶ ነበር፤
ቀለም ቀባነው፣ ስም አወጣንለት፣ ተሳሳቅን ዳር እስከ ዳር፤
በሦስተኛው ግጭት ለሁለት ተከፈለ፣ እንደ ሰፈር እድር።
ሁለተኛው ብረት ሆነ፣ ከሠራተኛ ሰፈር የመጣ፣
የአሮጌ አልጋ እግር፤ ሞተሩ ሲጎትተው ላብ አመጣ።
ሚዛን ላይ አወጣነው፦ ሁለት ኪሎ ተርፎታል።
«አልጋነቱን አልረሳም» አለች ፊርዶስ፣ «ገና ተኝቷል።»

ጋሽ አርጋው መስኮት ሠሪ ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ፤
የመስኮት ቁራጭ ሰጠን፣ አልሙኒየም፣ ውስጡ ባዶ።
አራት ማዕዘን አድርገን አምጥተን ስናሳየው፣
በሁለት ጣቱ ገፍቶ እንደ ወረቀት አጠፈው።
ምንም ሳይናገረን፣ አንድ ቁራጭ አንሥቶ፣
ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሰያፍ፣ በብሎን አገናኝቶ፣
«አሁን ግፉት» አለ።
ገፋን። ሦስታችንም ገፋን።
አልታጠፈም።
«አራት ማዕዘን ይከዳል፤ ሦስት ማዕዘን ቃሉን ያከብራል።»
ከዚያ ወደ ሥራው ዞረ፤ መጋዙ ይጮኻል።

ሻንሲው ሲጸና ፍጥነት መጣ፤ ፍጥነት ሲመጣ ጥጋብ።
ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ዳገት ወጥቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ፣
ከቀይ መስመር በፊት ይቁም፤ ያለፈ ይወጣል ተገዶ።
«ሞተሩን እናጥፋው፣ በራሱ ይቆማል» አለ ኢብሳ።
አጠፋነው።
ከጠረጴዛ ወደቀ፤ ሰበሰብነው እንደ ሬሳ።

ፊርዶስ የሞተሩን ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኘች፣
ራሱን በራሱ እንዲገታ፤ ግማሹን መንገድ አዳነች።
የቀረውን ግማሽ እኔ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፦
የባጃጅ የፍሬን ሸራ፣ የብስክሌት ገመድ፣ ሞላ፤
ሸራውን በምላጭ ስሞርድ፣ ከጎማው ሳዋድድ አመሸሁ።
ስፋቱ አውራ ጣቴን አያህልም፤
ኃይል ሲቋረጥ ግን ሞላው ይነክሳል፤
ባትሪው ቢሞት ፍሬኑ አይሞትም።

ማታ ቤት ይዤው ገባሁ። አባቴ በጣቱ ዳሰሰው።
«ዘይት የለውም?»
«የለውም። ሞላ ነው የሚይዘው።»
«ቧንቧ የለውም?»
«የለውም።»
«እንግዲያ የሚፈስም የለም።»
ሌላ አላለም ከዚያ ወዲያ፤ ግን ሸራውን አልለቀቀም።

እማማ ድንቄ ከደጅ፣ ስወጣ ሁሌ ቆመው፣
«ፍሬን ያሳይሽ፣ ልጄ» ነው፣ ምርቃታቸው።
አሜን አልኩ ለሁለቱም፤
ለሚያቆመው ግን አስቀድሜ።

እሑድ ማለዳ ቸርችል ላይ፣ መኪና ሳይበዛ ገና፣
ሊስትሮው ሣጥኑን ሸሸገ፤ ሮቦታችን ወረደና፣
ወረደና፣
ጮኸና፣
ቆመ።
የጎማ ሽታ ብቻ ነው አልፎ የወረደው።

በውድድሩ ቀን አላሸነፍንም፤ ልንገራችሁ ቀድሜ።
ባትሪያችን ሞተ፣ ሦስተኛው ዙር፣ ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ፤
አዳራሹ «ወይኔ!» ብሎ ተነሣ፣ ሲወድቅ ሊያይ።
ሞላው ነከሰ።
ሻንሲው አንዴ ተንቀጠቀጠና፣ ጸና።
ዳኛው ዜሮ ጻፈ፤ መስመሩ ጋ አልደረሰምና።

ዘወር ስል፣ አባቴ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረ፤
የፊቱን ወንበር ጨብጦ፣ ቀኝ እግሩ የተወጠረ፣
ወለሉን ረግጦ፣
ረግጦ ይዞ።
ጭብጨባው አልፎ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል፣
ቀስ ብሎ አነሣው።